ከደቅ እስከ ዳጋ፤ የአፄ ዘድንግል ሕይወት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የዘጌን ደን በስተግራው ትቶ ጥቂት ሰዓታት እንደ ተጓዘ፣ በሐይቁ እምብርት ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ደሴቶች ያገኛል። አንደኛው ሰፊና ዝርግ፣ ገበሬ የሚያርሰው፣ መንደሮች የሰፈሩበት የደቅ ደሴት ነው። ሁለተኛው ከውሃው ላይ እንደ ጉልላት ቀጥ ብሎ የወጣ፣ በደን የተሸፈነ፣ ጥንታዊው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት የዳጋ ደሴት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ውሃ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ የአካባቢው ሰው ብዙ ሳይደክም ይሻገረዋል። ከአራት መቶ ዓመታት በፊት የኖሩ አንድ ሰው ግን ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ለመድረስ ስደትን፣ ዙፋንን፣ ውግዘትንና ሞትን ማለፍ ነበረባቸው። በደቅ እስረኛ ሆነው ተቀመጡ፤ በዳጋ ከነገሥታት ጋር ዐረፉ።

እኒህ ሰው ከ1603 እስከ 1604 ለአንድ ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የተቀመጡት አፄ ዘድንግል ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዘመነ መንግሥታቸው እጅግ አጭር በመሆኑ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በአፄ ሠርፀ ድንግልና በአፄ ሱስንዮስ ረዣዥም ዘመናት መካከል እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ሲጠቀሱ ይታያል። ይሁን እንጂ ሕይወታቸው በአገሪቱ የአስተዳደር ታሪክ አንድ ከባድ ጥያቄ የተፈተነበት ነው። ይኸውም ገዥን የሚመርጡ ጥቂት ሰዎች ለማን ጥቅም ይመርጣሉ? የመረጡትንስ በምን ሕግ ይሽራሉ? የሚለው ጥያቄ ነው።

ዘድንግል የተወለዱት ከንጉሣዊው ቤተሰብ ነው። አባታቸው ልሳነ ክርስቶስ የአፄ ሚናስ ልጅና የአፄ ሠርፀ ድንግል ወንድም ነበሩ። ስለዚህ ዘድንግል ለሠርፀ ድንግል የወንድም ልጅ፣ ለአፄ ሚናስ ደግሞ የልጅ ልጅ ናቸው። ያደጉበት ዘመን አገሪቱ ከታላቁ የግራኝ አሕመድ ጦርነት ቁስል ገና ያላገገመችበት ነበር። በሰሜን የቱርክ ጦር ምጽዋን ይዞ ነበር። ከደቡብ ደግሞ የኦሮሞ ሕዝብ ታላቅ እንቅስቃሴ የመንግሥቱን የቀድሞ ወሰኖች እየለወጠ ነበር። በዚህም ምክንያት የነገሥታቱ መቀመጫ ከሸዋ እየራቀ ወደ ጣና አካባቢ ዞረ። ሐይቁን ቁልቁል በሚያየው በእንፍራዝ ኮረብታ ላይ እስከ ዛሬ ፍርስራሹ የሚታየው የጉዛራ ግንብ የሠርፀ ድንግል ሥራ እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የጣና ዳርቻ፣ ደምብያና በጌምድር የቤተ መንግሥቱ እልፍኝና ጓዳ ሆኑ ማለት ይቻላል።

አፄ ሠርፀ ድንግል ራሳቸው ዙፋን ላይ የወጡት በምርጫ ነው። በ1563 አባታቸው አፄ ሚናስ ሲሞቱ፣ ገና በልጅነት ዕድሜ የነበሩትን ሠርፀ ድንግልን ያነገሡት ንግሥቲቱ እናታቸውና የጦር አለቆቹ ተመካክረው ነበር። ወዲያውም ሌሎች መኳንንት አምፀውባቸው ነበርና ወጣቱ ንጉሥ በገዛ እጃቸው መግዛት እስኪችሉ ድረስ ብዙ መታገል ግድ ሆነባቸው። በኋላ ግን የቱርክን ጦር በድባርዋ ድል አድርገው፣ ሰላሳ አራት ዓመት ያህል ነግሠው፣ በዘመናቸው ከነበሩት ኃያላን እንደ አንዱ ተቈጠሩ። ሆኖም በልጅነታቸው የደረሰባቸውን መከራ በመሞቻቸው ጊዜ ለተተኪያቸው ሊያስቀሩለት አልቻሉም።

የዚህ ምክንያቱ የአልጋ ወራሽነት ሥርዓት ያልተቈረጠለት መሆኑ ነው። ንጉሥ የሚሆነው ከሰሎሞናዊው ዘር የተወለደ ወንድ መሆን እንዳለበት ሁሉም ይስማማ ነበር። ከዚያ ዘር መካከል ማን እንደሚነግሥ ግን በግልጽ የተደነገገ ነገር አልነበረም። የበኵር ልጅነት ክብር ነበረው፤ ግን አይበቃም። የሟቹ ንጉሥ ቃል ይከበር ነበር፤ ግን ማሰሪያ አልነበረውም። መጨረሻውን የሚወስኑት በንጉሡ ሞት ሰዓት በድንኳኑ ዙሪያ የተገኙት ናቸው። እነርሱም ንግሥቲቱ፣ የጦር አለቆቹ፣ የታላላቅ አውራጃዎች ገዥዎች፣ ቀሳውስቱና የንጉሡ አማቾች ናቸው። እነዚህ ተሰብስበው የተስማሙበት ሰው ንጉሥ ይባላል። ያልመረጧቸው የነገሥታት ልጆች ደግሞ ለአዲሱ መንግሥት አደጋ ናቸው ተብለው ይታሰራሉ። በቀደመው ዘመን ለዚህ ተግባር ያገለግል የነበረው በወሎ የሚገኘው የግሸን አምባ ሲሆን፣ እርሱ በግራኝ ጦር ተይዞ ከጠፋ በኋላ የወህኒ አምባ በፋሲለደስ ዘመን ተተክቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ቋሚ የመሳፍንት እስር ቤት አልነበረም። በዚያ መካከል በነበሩት ዓመታት የጣና ደሴቶች ለዚህ ተመቹ። በጦርነቱ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት የተሸሸጉባቸው እነዚሁ ደሴቶች፣ በሰላም ጊዜ ደግሞ የሚፈራ ሰው የሚቀመጥባቸው ሆኑ።

አፄ ሠርፀ ድንግል ከእቴጌ ማርያም ስና ሴቶች ልጆች እንጂ አልጋ የሚወርስ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። ከሌላ ሴት የተወለደ ያዕቆብ የሚባል ትንሽ ልጅ ግን ነበራቸው። ንጉሡ መጀመሪያ ያሰቡት የወንድማቸውን ልጅ ዘድንግልን ለማንገሥ ነበር። ዘድንግል በዕድሜ የደረሱ፣ ጦርና ፈረስ የለመዱ፣ መንግሥትን ለመሸከም የሚበቁ ስለ ነበሩ አሳቡ መሠረት ነበረው። በኋላ ግን እቴጌይቱና የንጉሡ አማቾች የሆኑት ራስ አትናቴዎስና የትግሬው ገዥ ክፍለ ዋሕድ ንጉሡን እየወተወቱ፣ ያዕቆብን እንዲያስቀድሙ አሳመኗቸው። የመኳንንቱ ምክር ከፍቅር የመነጨ አልነበረም። ያደገ ንጉሥ የሚያዝዝ ሲሆን ሕፃን ንጉሥ ግን የሚታዘዝ መሆኑን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

በ1597 ንጉሡ በዘመቻ ላይ ሳሉ በጠና ታመሙ። ሞታቸው መቅረቡን ባወቁ ጊዜ የቀድሞ አሳባቸው ተመለሰባቸው፤ በጠላት የተከበበች አገር ለሕፃን እንደማትሰጥ ተናግረው ዘድንግል እንዲነግሡ ተናዘዙ። ጉባኤው የሟቹን ኑዛዜ ሰማ፤ ካደመጠም በኋላ ወደ ጎን ትቶ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነውን ያዕቆብን አነገሠ። እቴጌይቱና ሁለቱ አማቾች ሞግዚቶች ሆኑ። በዚያን ዕለት የተመረጠው ያዕቆብ ቢሆንም፣ በእውነቱ የተመረጠው የመራጮቹ የራሳቸው ሥልጣን ነበር።

ውሳኔው ለዘድንግል የተወው ዕጣ እስራት ነበር። ተይዘው ወደ ጣና ተወሰዱና በደቅ ደሴት ተቀመጡ። ደቅ በአምባ ላይ እንደ ተሠራ ወህኒ ግንብና በር አልነበረውም። ግንቡ ውሃው ነበር፤ ጠባቂው ታንኳ አለመኖሩ ነበር። እስረኛው ጎህ ሲቀድ በምሥራቅ የበጌምድርን ተራሮች፣ ሲመሽ በምዕራብ ፀሐይ የምትገባበትን የአቸፈር አድማስ ያያል። ንጉሥ ሊሆን ይገባው የነበረበት አገር ሁሉ በዓይኑ ሥር ተዘርግቶ ሳለ አንዱም እግሩ አይደርስበትም። በዚሁ ጊዜ ሌላው ከንጉሣዊው ዘር የሚቈጠሩት አቤቶ ሱስንዮስ ተመሳሳይ ዕጣ እንዳይደርስባቸው አስቀድመው ሸሽተው ወደ ኦሮሞዎች ተጠጉ፤ ቀድሞም በልጅነታቸው ከእነርሱ ዘንድ ኖረው ቋንቋቸውንና የጦር ስልታቸውን የተማሩ ነበሩ።

ዘድንግልም በደሴቱ ላይ እስከ መጨረሻው አልቆዩም። አምልጠው ወደ ጎጃም ተራሮች ገቡና በዚያ ተሸሽገው ኖሩ። የቤተ መንግሥት ልጅ የነበሩት ሰው የገበሬውን ኑሮ በቅርብ ያዩት በእነዚያ ዓመታት ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ዘመን ወታደሩ ደመወዙን ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚቀበል ሳይሆን በገበሬው ቤት እየተመራ፣ የገበሬውን እህልና ከብት እየተመገበ የሚኖር ነበር። ጨዋ የሚባሉት የጭፍራ ወገኖች በየአውራጃው ሰፍረው ባለርስት ሲሆኑ፣ ገበሬው ደግሞ ለመሬቱ ብቻ ሳይሆን በአካሉም ገባር ሆኖ ቀርቶ ነበር። ዘድንግል በነገሡ ጊዜ ያወጡት ዐዋጅ ይህን ጉዳይ ምን ያህል ያሰቡበት እንደ ነበር ያመለክታል።

የሞግዚቶቹ ዘመን ስድስት ዓመት ያህል ቆየ። ሕፃን ንጉሥን የመምረጥ ጥበብ ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ሕፃን ያድጋል። አፄ ያዕቆብ ለአቅመ አዳም እየተቃረቡ ሲሄዱ በስማቸው የሚፈጸመውን ሁሉ መመርመር ጀመሩ። በመጨረሻም ራስ አትናቴዎስን ከሥልጣን አውርደው፣ በጦር ሜዳ ስሙ የገነነውን ዘሥላሴን በቦታው ሾሙ። ወጣቱ ንጉሥ አንዱን ጌታ በሌላ ጌታ መለወጣቸውን የተረዱት ዘግይተው ነው። በ1603 ራስ ዘሥላሴ ከመኳንንቱ ጋር ተማክረው፣ ያነገሡትን ንጉሥ አስረው ወደ ሩቁ እናርያ አጋዟቸው። ባዶ ለሆነው ዙፋንም ስድስት ዓመት ሙሉ የተዘነጉት ሰው ታወሱ። ዘድንግል ከተሸሸጉበት ተፈልገው መጡና አጽናፍ ሰገድ በሚል የመንግሥት ስም ነገሡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በ1597 ዘድንግል የተገፉት ብቁ ስለ ነበሩ ነው። በ1603 የተጠሩት ግን ብቁ ስለ ነበሩ አይደለም። ከስደት የተጠራ፣ ጭፍራ የሌለው፣ ዙፋኑን ሙሉ በሙሉ ከሰጪዎቹ እጅ የተቀበለ ሰው ለሰጪዎቹ ባለዕዳ ሆኖ ይኖራል ተብሎ ታስቦ ነበር። ራስ ዘሥላሴ ሁለተኛ ያዕቆብ ያገኙ መሰላቸው። አዲሱ ንጉሥ ግን ዕዳቸውን በዚያ መንገድ ለመክፈል ፈቃደኞች አልነበሩም።

አፄ ዘድንግል በነገሡበት ጥቂት ወራት ውስጥ ከደቡብ ዓባይን እየተሻገሩ ይመጡ ከነበሩት የኦሮሞ ጦሮች ጋር ተዋጉ። በአንደኛው ውጊያ ሠራዊታቸው ተደናግጦ ማፈግፈግ ሲጀምር ንጉሡ ከፈረሳቸው ወርደው፣ ሰይፍና ጋሻ ይዘው፣ እሸሻለሁ የሚል ይሽሽ እንጂ እርሳቸው ከቦታቸው እንደማይነቃነቁ ማሳወቃቸውና ጭፍራው በዚህ አፍሮ ተመልሶ ድል ማድረጉ ተጽፏል። ይህ ድል ስማቸውን አስጠራ። ያነገሧቸውን መኳንንት ግን ሳያሳስባቸው አልቀረም።

ከድሉም በላይ መኳንንቱን ያስቈጣው ዐዋጁ ነው። ንጉሡ ሰው ነጻ መሆኑን፣ ግብር የሚጣለው በመሬቱ ላይ እንጂ በሰውየው ላይ አለመሆኑን አስነገሩ። ገበሬውም ለጦር ሲጠራ እንደ ወታደር እንዲሰለፍና ክብሩ እንደ ወታደር እንዲሆን አዘዙ። የዚህ ዐዋጅ ዓላማ ሁለት እንደ ነበር መገመት ይቻላል። አንደኛው በዘር የተወረሱ የጭፍራ ወገኖች እየደከሙ በሄዱበት ጊዜ አዲስ የሠራዊት ምንጭ ማግኘት ነው። ሁለተኛው ንጉሡን በመኳንንቱ ጭፍራ ላይ ከመደገፍ ማውጣት ነው። ዐዋጁ እንደ ተሰማ በየስፍራው ገበሬዎች በጌቶቻቸው ላይ ተነሡ፤ ጨዋው ወገን ደግሞ ርስቱና ክብሩ የተነካ መሆኑን ተረድቶ በንጉሡ ላይ አቄመ። ለዘመናት የቆየን ሥርዓት በአንድ ቃል ለመገልበጥ የተነሣ መሪ ቃሉን የሚያስፈጽምበት ተቋም ከሌለው፣ ቃሉ ለጠላቶቹ መሣሪያ ይሆናል። አፄ ዘድንግል ዐዋጁን አወጁ እንጂ የሚጠብቅላቸው አዲስ ሠራዊት ገና አልቆመም ነበር።

በዚህ መካከል ሌላ ጉዳይ ተጨመረ። በ1603 ፔድሮ ፓኤዝ የሚባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ በምጽዋ በኩል ገብተው በአድዋ አቅራቢያ በፍሬሞና ተቀምጠው ነበር። ፓኤዝ በየመን በቱርኮች እጅ ለበርካታ ዓመታት ታስረው የኖሩ፣ ትዕግሥት የተማሩና ግእዝና አማርኛ ለመማር የተጉ ሰው ነበሩ። የንጉሡ ጥሪ ሲደርሳቸው በ1604 ወደ ቤተ መንግሥቱ መጡ። አብረዋቸው የመጡ ሁለት ተማሪ ልጆች ለቀረበላቸው የሃይማኖት ጥያቄ የሰጡት መልስ ንጉሡን እጅግ አስደነቀ። ብዙ ሳይቆይ አፄ ዘድንግል ወደ ሮማ ቤተ ክርስቲያን እምነት አዘነበሉ። የቀዳሚት ሰንበት አከባበር እንዲቀር ዐወጁ፤ ለሮማው ጳጳስ ለቀሌምንጦስ 8ኛና ለስጳኝ ንጉሥ ለፊልጶስ 3ኛም ወታደርና የእጅ ባለሙያ እንዲልኩላቸው የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፉ።

የንጉሡ ውሳኔ ከልብ እምነት የመጣ ነው ወይስ ከመንግሥት ፖለቲካ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በአገር ውስጥ ደጋፊ ያጡ ንጉሥ የጠመንጃ ባለቤት የሆነ ወዳጅ ከባሕር ማዶ መፈለጋቸው የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ፓኤዝ ራሳቸው ነገሩ በዝግታና በጥንቃቄ እንዲሄድ መክረው ሳለ ንጉሡ መቸኰላቸው ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የመኳንንቱን ሥልጣን፣ የጭፍራውን ርስትና የሕዝቡን ሃይማኖት በአንድነት ነኩ። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ዐመፅ ለመቀስቀስ በቂ ነበር።

ዐመፁን የመሩት ያነገሧቸው ራስ ዘሥላሴ ናቸው። የግብጹ ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ደግሞ ንጉሡን አውግዘው፣ ሕዝቡን ለንጉሡ ከገባው የታማኝነት መሐላ ፈቱት። ይህ እርምጃ እጅግ ከባድ ነበር። እስከዚያ ድረስ ንጉሥ የሚጣለው በጦር ወይም በተንኮል ሲሆን፣ አሁን ግን መሻሩ የሃይማኖት ግዴታ መስሎ ቀረበ። ያነገሠው ጉባኤ በሰይፉ፣ የቀባችው ቤተ ክርስቲያን በቃሏ ተነሡባቸው። ጥቂት ቀን ቢታገሡ የዐመፀኛው ጦር በራሱ ጊዜ ሊበተን እንደሚችል የመከሯቸው ነበሩ። ንጉሡ ግን ምክሩን አልተቀበሉም። ጥቅምት 24 ቀን 1604 ባርጫ በተባለው ሜዳ ላይ ሁለቱ ጦሮች ተጋጠሙ። ሁለት መቶ ያህል የሚሆኑ የፖርቱጋል ዘር ያላቸው ነፍጠኞች ከንጉሡ ጎን ተሰልፈው ነበር። ይሁን እንጂ የቀረው ሠራዊት አብዛኛው ከዳ ወይም ሸሸ። አፄ ዘድንግል በገቡበት ውጊያ መካከል ወደቁ። ሬሳቸው ለሦስት ቀን የሚያነሣው ሳይገኝ በሜዳው ላይ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ በአቅራቢያው ያለ ብዙ ክብር ተቀበረ።

ከባርጫ በኋላ የሆነው ነገር የመራጮቹን ሥራ በግልጽ ያሳያል። ራስ ዘሥላሴ ድል ካደረጉ በኋላ የሚያነግሡት ሰው በእጃቸው አልነበረም። ራስ አትናቴዎስ ሱስንዮስን ሲቀበሉ፣ ራስ ዘሥላሴ ቀድሞ ራሳቸው ያጋዟቸውን ያዕቆብን ከእናርያ አስጠሩ። አገሪቱ ሁለት ንጉሥ ኖራት። ራስ ዘሥላሴ ከአንዱ ወደ ሌላው ተገለበጡ፤ በመጨረሻም በ1607 በጎጃም ጎል በተባለ ስፍራ በተደረገው ውጊያ አፄ ያዕቆብም፣ ዘድንግልን ያወገዙት አቡነ ጴጥሮስም ሞቱ። ሱስንዮስ ብቻቸውን ነገሡ። ነጋሢ አድራጊው ዘሥላሴ ለማንም ታማኝ አለመሆናቸው ታውቆ ታሰሩ፤ ከእስር አምልጠው በሽፍትነት ሲኖሩ ተገደሉ። በሰባት ዓመት ተመርጦ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ገደማ የተገደለው ያዕቆብ ዕጣው ከዘድንግል ዕጣ ያነሰ አሳዛኝ አይደለም። ሁለቱ ወጣቶች ጠላቶች አልነበሩም፤ አንዱን በአንዱ ላይ ያስቀመጡት ሌሎች ናቸው።

ጥቂቶች ለብዙዎች ገዥ መምረጣቸው የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም። ከባርጫ ውጊያ 172 ዓመት በኋላ፣ በ1776፣ ከእንግሊዝ ንጉሥ አገዛዝ የወጣችው የቨርጂኒያ ግዛት በአሜሪካ ሕገ መንግሥቷን ስትጽፍ፣ አገረ ገዥዋን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጠው አላደረገችም። ሁለቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶች በአንድነት በሚሰጡት ድምፅ በየዓመቱ እንዲመረጥ ደነገገች። የመጀመሪያው ተመራጭ ፓትሪክ ሄንሪ ነበር። የዚያም ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ንጉሡ የሾማቸውን አገረ ገዥዎች ኃይል የቀመሱት የሕግ አውጪዎች የራሳቸው ገዥ ደካማ እንዲሆን ፈለጉ። በዚህ ረገድ የቨርጂኒያ ባለርስቶችና የሠርፀ ድንግል አማቾች ምኞት አይራራቅም። በ1779 በዚሁ ምክር ቤት ተመርጦ አገረ ገዥ የሆነው ቶማስ ጄፈርሰንም፣ ሥልጣን ሁሉ በሕግ አውጪው እጅ መከማቸቱ ራሱ አምባገነንነት መሆኑን በኋላ ጽፏል። ባሪያዎችና ድኾች ድምፅ ያልነበራቸው መሆኑም የማይካድ ነው።

ሆኖም አንድ ታላቅ ልዩነት ነበር። በቨርጂኒያ ማን እንደሚመርጥ፣ በምን ዐይነት ድምፅ እንደሚመርጥ፣ ተመራጩ ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ተጽፎ ነበር። አገረ ገዥው ከሦስት ተከታታይ ዓመት በላይ መቆየት አይችልም ነበር፤ ከወረደ በኋላም አራት ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ አይመረጥም። ስለዚህ ያልተወደደ ገዥ ጊዜው ሲደርስ ወደ እርሻው ይመለሳል እንጂ ወደ ደሴት አይጋዝም፤ ተሸናፊውም በሚቀጥለው ዓመት ሊመረጥ ተስፋ ያደርጋል። ሥርዓቱ ጉድለቱን ራሱ ሊያርም ቻለ፤ በ1851 በወጣው ሕገ መንግሥትም ምርጫው ከምክር ቤቱ ወደ መራጩ ሕዝብ ተዛወረ። በጣና ዳርቻ የተሰበሰበው ጉባኤ ግን የመምረጥ ኃይል እንጂ የምርጫ ሕግ አልነበረውም። ጊዜ ያልተወሰነለት ሥልጣን የሚያበቃው በሞት ብቻ ስለሆነ፣ አሳቡን የለወጠ መራጭ ሰይፍ ከመምዘዝ ሌላ መንገድ አልነበረውም።

አፄ ዘድንግል ፍጹም ሰው አልነበሩም። ቸኩለዋል፤ ምክር ገፍተዋል፤ የሕዝባቸውን የሃይማኖት ስሜት በሚገባ አልመዘኑም። በሌላ በኩል ግን በስደት ያሰቡትን በዙፋን ላይ ያልረሱ፣ ያነገሧቸውን ለማስደሰት ሲሉ ገበሬውን ያልዘነጉ መሪ ነበሩ። በሕግ የተወሰነ ሥርዓት ቢያገኙ ኖሮ ምን ይሠሩ እንደ ነበር መናገር አይቻልም። የተገኘው ግን ይህ ነው፤ ስድስት ዓመት በእስራትና በስደት፣ አንድ ዓመት በዙፋን፣ ሦስት ቀን በባርጫ ሜዳ ላይ።

የሕይወታቸው ታሪክ በባርጫ አላበቃም። አፄ ሱስንዮስ ከዓመታት በኋላ አፅማቸውን ከተቀበረበት አስወጥተው ወደ ጣና እንዲወሰድ አደረጉ፤ በዳጋ እስጢፋኖስም በክብር አሳረፉት። ሱስንዮስ የዘድንግልን መንገድ በዝርዝር የተከተሉ ንጉሥ ናቸው። ፔድሮ ፓኤዝን ወዳጅ አደረጉ፤ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላም በ1632 መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን እምነት መልሰው አጸኑ፤ ኢየሱሳውያኑንም ከአገር አስወጡ። እርሳቸውም ሲሞቱ አፅማቸው ያረፈው በዳጋ እስጢፋኖስ ነው።

እንግዲህ በዚያች ትንሽ ደሴት ላይ ስለ ሃይማኖታቸው የተወገዙት ንጉሥና ሃይማኖቱን የመለሱት ንጉሥ በአንድ ቤት አርፈዋል። አፄ ዳዊትና አፄ ዘርዐ ያዕቆብም ከእነርሱ ጋር ናቸው። የገዳሙ መነኰሳት ለሁሉም በእኩል ይጸልያሉ። ከገዳሙ ኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ቅርብ ላይ ዝርጉን የደቅ ደሴት ያያል። ማሳው ይታረሳል፤ በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በዳርቻው ቆሟል፤ ታንኳዎች ይመላለሳሉ። የመሳፍንት እስር ቤት የነበረችው ደሴት ዛሬ የገበሬና የዓሣ አጥማጅ መኖሪያ ናት። በመካከል ያለው ውሃ ግን ያው ጠባቡ ውሃ ነው፤ አፄ ዘድንግል ለመሻገር ሕይወታቸውን ሙሉ የወሰደባቸው።